ሥራ መቀጠር ውለታ አይደለም

ሰኔና ሐምሌ ላይ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ቲቸር፣ ሐይቅ ዳር ያለው ሪዞርት ጠርተውኛል፣ ጥሩ ነው ይባላል?» «ቲቸር፣ ያ የግል ትምህርት ቤት ደመወዝ በሰዓቱ ይከፍላል?» «ቲቸር፣ ፋብሪካ ይሻላል ካፌ?» ጠያቂዎቹ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አንዳንዱ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፣ አንዳንዱ 12ኛ ክፍል ላይ አልሳካ ብሎት ሥራ የሚፈልግ ነው፣ አንዳንዷ ደሞ ሦስት ዓመት ሠርታ ቦታ መቀየር ያማራት ናት። ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፣ የድርጅት ስም አልጠራም። ባለቤቱ ያው ሆኖ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር ቤቱ ሌላ ቤት ሲሆን አይቻለሁ። ዛሬ «ጥሩ ነው» ያልኳችሁ ቦታ በዓመቱ ሊያስለቅሳችሁ ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁ የምትለዩበትን ነገር ልንገራችሁ።

እኛ ሐዋሳ ውስጥ ስለ አሠሪ ስናወራ የምንለው ሁለት ነገር ነው። «ጥሩ ሰው ነው» ወይም «ክፉ ሰው ነው»። እኔ ግን የሰውዬው ጠባይ ብዙም አይነግረኝም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ይሄ ሰው ሥራ ሲሰጣችሁ ውለታ የዋለላችሁ ይመስለዋል ወይስ ከእናንተ ጋር ውል የገባ? ያየኋቸው መጥፎ መሥሪያ ቤቶች፣ ሀብታሙም ደሃውም፣ ሳቂታውም ቁጡውም፣ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሥራን እንደ ውለታ ይቆጥራሉ። ውለታ ደሞ ሂሳብ የለውም። ውለታ ለዋለ ሰው «ሰዓቴስ?» አይባልም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነው የሚባለው።

ምሳሌ ላንሳ። አንዲት ያስተማርኳት ልጅ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነበረች። ባለቤቱን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ እሳቸውም ሠራተኞቹን «ልጆቼ» ይላሉ። ሰው ሲታመም ከኪሳቸው አውጥተው ይሰጣሉ። ለፋሲካ በግ ገዝተው ግቢ ውስጥ ያሳርዳሉ፣ ሁሉም አብሮ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳና ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ከውጭ ላየው የሚያስቀና ቤት ነው።

ልጅቷ ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገብታ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው የምትወጣው፣ በሳምንት ስድስት ቀን። የምሳ አንድ ሰዓት ሲቀነስ በቀን 11 ሰዓት መሥራቷ ነው። የፈረመችው ወረቀት የለም። የትምህርት ማስረጃዋ ኦሪጅናሉ ጋሼ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ደመወዝ አንዳንዴ ወር በገባ በ5 ይሰጣል፣ አንዳንዴ በ12። ደንበኛ ሳይከፍል ሹልክ ካለ ከእሷ ይቆረጣል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ። አንድ ቀን እንደምንም ደፍራ «ጋሼ፣ የትርፍ ሰዓቱ ነገር...» አለቻቸው። አልተቆጡም። አዘኑ። «እኔ እንደ ልጄ እያየሁሽ አንቺ ሰዓት ትቆጥሪብኛለሽ?» አሏት። አፍራ ወጣች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያፈረችው እሷ መሆኗ ነው።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ሰሌዳ ላይ እንሥራው። ደመወዟ 6,000 ብር ነው እንበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። በወር 26 የሥራ ቀን ብንይዝ 208 ሰዓት ይሆናል። 6,000 ለ208 ሲካፈል አንዱ ሰዓት 28 ብር ከ85 ሳንቲም ገደማ ነው። በቀን 3 ትርፍ ሰዓት፣ በ26 ቀን 78 ሰዓት። የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ስለሚባዛ በወር 3,375 ብር ሳይከፈላት ቀርቷል ማለት ነው። በዓመት 40,500 ብር። እንደ እሷ ያሉ 10 ልጆች ካሉ 405,000 ብር። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ መከልከሉን፣ የእሷ 18 መድረሱን እንኳን ትተነው ነው።

እንግዲህ የፋሲካው በግ በማን ገንዘብ ተገዛ? የገዙት ልጆቹ ናቸው። ጋሼ ያሳረዱት ብቻ ነው።

አሁን ደሞ ሌላ ቤት እንሂድ። ዳቦ ቤት ነው። ባለቤቷን እትዬ ነው የምንላቸው። ቁጡ ናቸው፣ ዳቦ ሲያር ድምፃቸው አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። «ልጆቼ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ለበዓል የሚሰጡት ዱቄትና ዘይት ነው፣ እሱም ለሁሉም እኩል፣ ያለ ፎቶ። ግን ባንኮኒው ሥር አንድ ትልቅ ደብተር አለ። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ ይጻፍበታል። ሌሊት የሚያቦካው ልጅ ጠዋት ሲወጣ ይፈርማል። ወር ሲሞላ ደብተሩ ሠራተኛው ፊት ተከፍቶ ይደመራል። ደመወዝ በ30 ነው፣ 30 እሑድ ከዋለ ቅዳሜ።

ዳቦ ያረረ ቀን መጀመሪያ ይጮሃሉ። ከዚያ ይጠይቃሉ፤ መብራት ሄዶ ነው? ምድጃው ነው? እንቅልፍ ጥሎህ ነው? ካወቁ በኋላ ነው የሚፈርዱት። አንዱ ልጅ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝቶ እለቃለሁ ሲላቸው አኩርፈው ሰነበቱ። ልጁ 30 ቀን ቀድሞ በጽሑፍ አሳውቆ፣ ተተኪውን አሠልጥኖ ሲጨርስ ግን በመጨረሻው ቀን የሥራ ልምዱን ማኅተም አድርገው፣ ቀሪ ሂሳቡን ቆጥረው ሰጡት። እዛ ቤት ሰባት ስምንት ዓመት የቆዩ ሠራተኞች አሉ። አንዱን «ጩኸቱን እንዴት ቻልከው?» ብለው «እትዬ ይጮሃሉ እንጂ አይሸውዱም» አለኝ።

ይቺን አባባል ያዙልኝ። በሐዋሳ ካሉት አሠሪዎች ስንቱ የሚያቆላምጥ እየሸወደ፣ ስንቱ የሚጮህ እየከፈለ እንደሚኖር ብታዩ ትገረማላችሁ። ሁለቱንም አሟልቶ የማይጮህና የማይሸውድ አሠሪ አለ፣ ካገኛችሁ እሰየው። ምረጡ ከተባላችሁ ግን ደብተር ያለውን ምረጡ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶች።

እንግዲህ አንድ ቤት ከመግባታችሁ በፊት የምትጠይቋቸውን ልንገራችሁ። አለቃውን ብቻ አትጠይቁ። በር ላይ ያለውን ጥበቃ፣ ጓዳ ያለችውን ልጅ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ወረቀት አለ ወይ? የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልሆነ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። «እኛ እዚህ በመተማመን ነው የምንሠራው» ከተባላችሁ፣ «እኔም አምናለሁ፣ ለማስታወሻ ይሁነኝ» በሉ። የሚታመን ሰው መጻፍ አይከብደውም።

ሁለተኛ፣ የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። «ስድስት ወር ሙከራ ላይ ነህ» የሚል ቤት ከሕጉ ውጭ ነው። ሙከራ ማለት ደሞ በነፃ መሥራት አይደለም። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ይከፈላል።

ሦስተኛ፣ ደመወዝ በስንት ይገባል፣ በምን ምክንያት ይቆረጣል? አሠሪ ደስ እንዳለው መቁረጥ አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የእናንተ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ብርጭቆ ተሰበረ ተብሎ የወር ደመወዝ የሚያልቅበት ቤት ካያችሁ ሽሹ።

አራተኛ፣ ጡረታ ይገባል ወይ? ለግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ ከእናንተ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ነው። በ22 ዓመት ስለ ጡረታ ማውራት እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን ያቺ 11 በመቶ የእናንተው ናት። ካልገባች ደመወዛችሁ ከተነገራችሁ ያነሰ ነው ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ወልዳ የተመለሰች ሴት አለች ወይ? ይቺን ጥያቄ ወንዶችም ጠይቋት። አዋጁ ለወላድ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሴቶች ሆዳቸው ሲገፋ እየተሸኙ የሚጠፉበት ቤት ለማንም አይሆንም። ሴቶቹ ማታ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ብቻቸውን መቅረት የሚፈሩበት ቤት ከሆነማ ጥያቄም አያስፈልገውም።

ስድስተኛ፣ ባለፈው የለቀቀው ሰው እንዴት ለቀቀ? ውል ሲቋረጥ ቀሪ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም መሰጠት አለበት። ሰው ሲገባ ሁሉም ቤት ፈገግ ይላል። የቤቱ ጠባይ የሚታወቀው ሰው ሲወጣ ነው።

አንድ ነገር ደሞ በዓይናችሁ እዩ። የሆነ ነገር ሲበላሽ አለቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? «ማነው ያበላሸው?» ነው ወይስ «ምን ሆኖ ነው?» የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ሁሉም መደበቅ ይማራል። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ሥራ ይማራል።

ኦሪጅናል ዶክመንትን በተመለከተ ረገጥ አድርጌ ልናገር። ኮፒ ይበቃል፣ ከፈለጉ ኦሪጅናሉን አይተው ያመሳክሩ። አሠሪ የሠራተኛን ማስረጃ ይያዝ የሚል አንቀጽ እኔ አዋጁ ውስጥ አላገኘሁም። ማስረጃችሁን መሳቢያው ውስጥ የሚቆልፍ ሰው እንደምትሸሹት አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ለምን እንደምትሸሹት ግን አይነግራችሁም።

በእኛም ሙያ ይሄ አለ። የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ክረምት በመጣ ቁጥር ይጨነቃሉ። ከመስከረም እስከ ሰኔ የሚል ውል ያስፈርሟቸዋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም፣ መስከረም ላይ እንደ አዲስ «እንቀጥርሃለን» ይባላሉ። በየዓመቱ አዲስ ሠራተኛ ናቸው። ወላጅ የመመዝገቢያውን የሚከፍለው በዛው ክረምት ነው፣ የመምህሩ ኪስ የሚደርቀውም በዛው ክረምት። እዚህ ላይ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ግን የተጻፈው ለማምለጫ ነው። ስለዚህ ወረቀት ሲሰጣችሁ ደስ ብሏችሁ ብቻ አትፈርሙ፣ አንብቡት።

«ቲቸር፣ ወረቀት ወረቀት አልክ፣ ወረቀት ይበላል እንዴ?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። የኛው ኢንዱስትሪ ፓርክ ለዚህ ምስክር ነው። በ2008 ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ውል ፈርመው፣ ባጅ አንጠልጥለው፣ በሺፍት ገቡ። ወረቀቱ ነበር። ግን በ2011 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል ያወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር አድርሶ፣ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብሎ ጻፈው። አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የኖሩትን ልጆች እኛ ሐዋሳዎች እናውቃቸዋለን። ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። ፋብሪካዎቹ «የሥራ ዲሲፕሊን የላቸውም» አሉ፣ ልጆቹ «ለቤት ኪራይ ለምግብ አልበቃን አለ» አሉ። በኋላ ደሞ አጎዋ ሲቋረጥ ብዙ ሥራ አብሮ ተነነ። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም አዋጁ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ወለሉ ራሱ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ስለዚህ ወረቀት በቂ ነው አላልኩም። ግን ወረቀት ስለነበረ ነው ያቺ 26 ዶላር ተቆጥራ ዓለም ያያት። የካፌዋን ልጅ ሰዓት ማን ቆጠረው?

ለአሠሪዎችም ፍትሕ ልስጥ። ከእናንተ ውስጥ ዛሬ ጋራዥ፣ ጸጉር ቤት፣ ካፌ የከፈታችሁ አላችሁ፣ እናንተም ታማርራላችሁ። ደመወዝ በተቀበለ ማግስት ስልኩን አጥፍቶ የሚጠፋ ሠራተኛ አለ። ሙያ አስተምራችሁት ደንበኛችሁን ይዞ የሚሄድ አለ። ኪራዩ፣ ግብሩ፣ የዘይት ዋጋው፣ የመብራቱ መጥፋት እናንተንም አስጨንቋችኋል። ይገባኛል። ግን ልብ በሉ፣ ይሄም የዛው በሽታ ሌላኛው ገጽ ነው። ሠራተኛ 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት ሕጉ ያዛል። ያልተጻፈ ውል ግን በተግባር ማንንም አያስርም። አሠሪው «ውጣ» ሲል በአንድ ቀን ከሆነ፣ ሠራተኛውም «ወጣሁ» የሚለው በአንድ ቀን ነው። ብዙዎቻችሁ ደሞ በቀጠሯችሁ ሰዎች ስትንገላቱ አይቻችኋለሁ። ያንን ወርሳችሁ ለታናናሾቻችሁ አታስተላልፉት። ደብተር ግዙ። አንድ ደብተር ነው፣ ውድ አይደለም።

አንድ አሠሪ ደሞ ቀርቶኛል። እኛው ነን። የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ ባለሱቁ፣ ይሄን ጽሑፍ እያነበበ ጋሼን የሚረግመው ሁሉ፣ ቤቱ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ካለች አሠሪ ነው። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ስንት ሰዓት ትሠራለች? እረፍቷ መቼ ነው? ደመወዟ በእጇ ነው ወይስ «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ተብሎ ነው? ስንጠየቅ የምንመልሰው «እንደ ልጄ ነው የማያት» ብለን ነው። ጋሼስ ምን አሉ? ያንኑ አይደል?

አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኛን አያካትትም። የእሷ ጉዳይ በሌላ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ታልፏል። ስለዚህ እሷ ለማን ትከሳለች? የሷ ደብተር የኛ ሕሊና ብቻ ነው። እውነት እንደ ልጃችን ካየናት በሳምንት አንድ ቀን እረፍት፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ በእጇ፣ ማታ መማር ከፈለገች ሰዓት እንስጣት። ይሄን ለማድረግ አዋጅ መጠበቅ የለብንም።

ለተቀጣሪዎቹ የመጨረሻ ምክር። ሰዓታችሁን ራሳችሁም ጻፉ፣ በስልካችሁ ማስታወሻ ላይም ቢሆን፣ በየቀኑ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ያላግባብ ተባረርኩ ብላችሁ ወደ ሥራ መመለስ የምትፈልጉ ከሆነ ደሞ 3 ወር ብቻ ነው ያላችሁ። «ይሁን፣ እግዚአብሔር ይፍረደው» ስትሉ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ በጨዋ ቋንቋ ጠይቁ። ካልሆነ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። 10 ሆናችሁ ከምትሠሩ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ፣ ሕጉ ይፈቅዳል።

ለጠየቃችሁ ደሞ አትፈሩ፣ አትፈሪ። ለሰጣችሁት ጉልበትና ሰዓት ዋጋውን ስትጠይቁ የማንንም ውለታ አልበላችሁም። አሠሪያችሁን አክብሩ፣ በሰዓቱ ግቡ፣ ሥራችሁን አጥርታችሁ ሥሩ፣ የሰው ንብረት እንደ ራሳችሁ ጠብቁ። ያንን ካደረጋችሁ እኩል ናችሁ፣ እሱ ገንዘቡን አመጣ፣ እናንተ ዕድሜያችሁን።

የምታውቁት ጥሩ ቤት ካለ ምን እንዳደረገ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። የመጥፎውን ደሞ ያጋጠማችሁን ጻፉ፣ ስም ግን አትጥሩ። ሥራ ለሚፈልግ ጓደኛችሁም አድርሱት።

መልካም ሥራ ይግጠማችሁ።